ያልተካሄደው ስብሰባ ጸሐፊ፤ የአቶ ኢተፋ ቢቂላ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ዘመዶችና ጎረቤቶች፣ እንዲሁም የቀድሞው የብርቱ ክንድ ቁልፍና ማጠፊያ ፋብሪካ ሠራተኞች፤ አቶ ኢተፋ ቢቂላ በሕይወት ሳሉ ለብዙ መሥሪያ ቤት ያመለከቱትን፣ ለእናንተ ግን በቃላቸው ሳይነግሯችሁ የቀሩትን አንድ ጉዳይ ይህ ጽሑፍ ስለያዘ፣ ፀሐዩ ቢጠነክርም እስከ መጨረሻው ቆማችሁ እንድታዳምጡ ቤተሰቡ በትሕትና ይጠይቃል።

አቶ ኢተፋ ከአባታቸው ከግንበኛው ከአቶ ቢቂላ ኦላና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቄ ደግፌ ሰኔ 12 ቀን 1944 ዓ.ም. እዚሁ ቂርቆስ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው በካዛንቺስ ጣሊያኖች ሠርተዋቸው የሄዱትን ቤቶች በመጠገን የሚተዳደሩ፣ ቱምቢ ሳይጥሉ አንዲት ድንጋይ የማያስቀምጡ፣ የተንጋደደ ግንብ ሲያዩ የሰው ቤት ቢሆንም እንኳ ቆመው የሚቆጡ ሰው እንደ ነበሩ በሰፈሩ የታወቀ ነው። እናታቸው ደግሞ ልጃቸው ደብተሩን በጋዜጣ ሳይለብጥ ወደ ትምህርት ቤት እንዲሄድ የማይፈቅዱ ነበሩና፣ አቶ ኢተፋ ሥርዓት ወዳድነቱን ከሁለቱም ወገን ወረሱት።

ፊደል በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ ካጠናቀቁ በኋላ፣ የጽሕፈት ሥራና የመዝገብ አያያዝ ትምህርት አንድ ዓመት ተከታትለው በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ተመረቁ። ቤተሰባቸው ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው ግን «ደብዳቤ በትክክል የሚጽፍ ሰው ለአገሩ ከዲግሪ አያንስም» ብለው በ1965 ዓ.ም. በዚያው በሰፈራቸው በነበረው የቁልፍና የማጠፊያ ፋብሪካ በታይፒስትነት ተቀጠሩ።

የፋብሪካው ባለቤት በዚያን ጊዜ ሙሴ ሃጎፕ የሚባሉ እዚሁ የተወለዱ አርመናዊ ነበሩ። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ሲወረስ የርክክቡን ሰነድ ሠላሳ አንድ ገጽ አድርገው በመኪና የጻፉት አቶ ኢተፋ ሲሆኑ፣ ተረካቢዎቹ ሰዓታቸውን እያዩ ሲቁነጠነጡ ሙሴ ሃጎፕ መነጽራቸውን አስመጥተው የገዛ ንብረታቸውን ከእጃቸው የሚያወጣውን ወረቀት ገጽ በገጽ አንብበው፣ ሁለት የፊደል ግድፈት አሳርመው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መፈረማቸውን ሲያወሱ ይኖሩ ነበር። ያኔ አቶ ኢተፋም እንደ ሌሎቻችን ሁሉ ፋብሪካው ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ የሕዝብ ሆነ ብለው አምነዋል። የሕዝብ የሆነ ነገር ስለ እሱ የሚጠየቅ ሰው እንደሚያስፈልገው ግን የነገራቸው አልነበረም፤ እስከ ዛሬም የነገረን የለም።

በ1971 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጀማነሽ ተሰማ ጋር በሕግ ጋብቻ መሥርተው አያንቱንና ቢሊሴን ወልደው፣ አሳድገውና አስተምረው ለቁም ነገር አብቅተዋል። ወይዘሮ ጀማነሽ የስልክ ኦፕሬተር ስለ ነበሩ ነገርን በአጭሩ ተናግሮ መዝጋት ልማዳቸው ሲሆን፣ አቶ ኢተፋ ደግሞ «ከላይ በርእሱ እንደ ተጠቀሰው» ሳይሉ ሽሮ እንኳ የማይጠይቁ ሰው ነበሩና፣ አርባ ስድስት ዓመት የዘለቀው ትዳራቸው ለጎረቤት ሁሉ ሳቅ ያልታጣበት ነበር።

ፋብሪካው በደርግ ዘመን በአንድ ኮርፖሬሽን ሥር ሆኖ ከሠራ በኋላ፣ ሥርዓት ተለውጦ ገበያ ነፃ ነው በተባለ ጊዜ ራሱን የቻለ የመንግሥት የልማት ድርጅት ተብሎ የሥራ አመራር ቦርድ ተቋቋመለት። አራቱ የቦርድ አባላት ከየመሥሪያ ቤቱ በሹመት ሲመጡ፣ አምስተኛው ሠራተኛው በድምፁ የመረጣቸው፣ ብረት በሚቀረጽበት በቶርኖ ክፍል የብረት ፀጉር ይሰነጥቃሉ የሚባልላቸው አቶ ሙክታር ሸረፋ ነበሩ። አቶ ኢተፋም በ1986 ዓ.ም. የቦርዱ ጸሐፊ ሆነው ተመደቡ። ከአቶ ሙክታር ጋር በሥራ ተቀራርበው፣ በኋላም በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ጎረቤቶች ሆነው፣ ፆምና በዓላቸው እየተፈራረቀ አንዱ የሌላውን ሲጠብቅ ወንድማማች ሆኑ።

እዚህ ላይ ስለ ቦርዱ አሠራር ጥቂት መናገር ግድ ይላል። የተሾሙት አባላት እያንዳንዳቸው የስድስትና የሰባት ድርጅት ቦርድ አባል ስለ ነበሩ፣ የትኛው ፋብሪካ ቁልፍ፣ የትኛው ክር እንደሚሠራ እንኳ የሚምታታባቸው ነበሩ፤ አንድ ሰብሳቢ በመጀመሪያ ቀናቸው «የጥጡ አቅርቦት እንዴት ነው?» ብለው መጠየቃቸውን እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሚኒስትር በተቀየረ ቁጥር ሰብሳቢ ይቀየራል፤ አዲሱ ሰብሳቢ ፋብሪካው ያለበትን መንገድ እስኪያውቁ ደግሞ ይነሣሉ። ስብሰባው በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ሲጠራ አቶ ሙክታር ቱታቸውን ቀይረው በሰዓታቸው ይቀመጣሉ፣ አቶ ኢተፋ አጀንዳውን አባዝተው ይጠብቃሉ፣ የቀሩት ወንበሮች ግን ባዶአቸውን ይውላሉ። ምልዓተ ጉባኤ እየታጣ የብረት ግዥው፣ የሠራተኛ ዕድገቱ፣ የመለዋወጫው ፈቃድ ሁሉ ይቆማል።

መፍትሔውን ያመጡት አቶ ኢተፋ ናቸው፤ ይህ አይደበቅም። በመጀመሪያ ቃለ ጉባኤውን አስቀድመው ጽፈው ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ በእግራቸው ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ ያስፈርሙ ጀመር። ይህም ሲያደክማቸው፣ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ አባላቱ አንድ ጊዜ ሲገናኙ የአሥራ ሁለቱን ወራት ቃለ ጉባኤ የመጨረሻ ገጽ ባዶውን ፈርመውላቸው እንዲሄዱ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ወር በደረሰ ቁጥር የጉዳዩን ጽሑፍ ከላይ፣ የተፈረመውን ገጽ ከታች አያይዞ መላክ ብቻ ሆነ። ፋብሪካው ተንቀሳቀሰ፤ ለአቶ ኢተፋም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስለ ቀልጣፋ አሠራራቸው የምስክር ወረቀት ሰጣቸው። የሚሾመው አይመጣም፣ የሚመጣው አይወስንም፣ የማይመጡበትን ዘዴ ያበጀላቸው ግን ይሸለማል።

በመጀመሪያው ሐምሌ አቶ ሙክታር ብዕሩን ይዘው እንደ ቆዩ ይነገራል።

«ባዶ ወረቀት ላይ እንዴት ነው የሚፈረመው?»

«በላዩ ላይ የምጽፈው እኔ አይደለሁም እንዴ ሙክታር?»

«እንግዲያው ለወረቀቱ አይደለም፤ ላንተ ነው የምፈርመው» አሉና ፈረሙ። ዐሥራ ስድስት ዓመትም እንዲሁ ፈረሙ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አቶ ኢተፋ ከአቶ ሙክታር ጋር ሳይመክሩ አንዲት ገጽ አላያያዙም።

ነሐሴ 7 ቀን 2005 ዓ.ም. ግን የወቅቱ ሰብሳቢ ስልክ ደወሉ። «አቶ ኢተፋ፣ የነሐሴው የተፈረመ ገጽ እጅዎ ላይ አለ አይደል? የውሳኔው ጽሑፍ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተዘጋጅቶ መጥቷል፤ ያያይዙትና ዛሬውኑ ይላኩልኝ።» ከላይ የታዘዘ ነገር ነበርና አቶ ኢተፋ አያያዙ፣ ማኅተም መቱ፣ ላኩ። ጉዳዩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ጽሑፉ ብርቱ ክንድ ፈርሶ ከከተማ ውጭ ካለ ሌላ የመንግሥት ድርጅት ጋር እንዲቀላቀል የሚወስን ሲሆን፣ እንደ ልማዱም በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ፣ ማለትም ነሐሴ 2 ቀን፣ «ሁሉም አባላት በተገኙበት፣ የሠራተኛው ተወካይ አቶ ሙክታር ሸረፋም ተስማምተው፣ በሙሉ ድምፅ» የተወሰነ ነው ይላል። የዚያ ዓመት ነሐሴ 2 ቀን የኢድ አልፈጥር በዓል ነበር። አገር ሁሉ በተዘጋበት፣ አቶ ሙክታር ከልጆቻቸው ጋር ስታዲየም ሰላት ላይ በነበሩበት ቀን ነው በስብሰባ ተገኝተው ፋብሪካቸውን ያፈረሱት። ከሰብሳቢው እስከ ሚኒስቴሩ ድረስ ያን ወረቀት ከተቀበሉት ሁሉ ቀን መቁጠሪያ ያየ አንድ ሰው አልተገኘም።

ውሳኔው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የሆነውን እናንተ ታውቃላችሁ። ማሽኖቹ በሦስት ቀን ተጭነው ሄዱ። ሠራተኛው ግማሹ ከቤተሰቡ ተለይቶ ማሽኑን ተከተለ፤ ግማሹ ቀረ። የተሾሙትን አራቱን ማንም በመልክ ስለማያውቃቸው ቁጣው ሁሉ ፊርማው በሚታወቀው በአንዱ ሰው ላይ ወረደ። የብረት መጭመቂያው ክፍል ባልደረባ አቶ ለታ ያወጡት ስም በሰፈሩ ገነነ፤ አቶ ሙክታር ከመስጊድ ሲመለሱ «ሙሉ ድምፅ መጣ»፣ ፋብሪካው ከፈረሰ በኋላ ያቋቋሟትን የብረታ ብረት ሱቅ ሲከፍቱ «ሙሉ ድምፅ ዛሬስ ምን ይሸጥ ይሆን?» ይባል ጀመር። የሠላሳ ዓመት ባልደረቦቻቸው ሚስማር ፍለጋ እስከ መስቀል ፍላወር መሄድን መረጡ እንጂ ከእሳቸው ሱቅ አልገዙም። ልጃቸው ዙለይካ ስትዳር ከፋብሪካው ሰው ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት አቶ ኢተፋና ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ።

ሰሌዳው ላይ ያለውን ባነበቡ ዕለት አቶ ሙክታር አጥሩን ዞረው መጥተው «ኢተፋ፣ እኔ የዚያን ቀን የት ነበርኩ?» ብቻ ብለው ጠየቁ።

«ይታረማል። ዛሬውኑ እጽፋለሁ፣ በደብዳቤ ይታረማል።»

«ደብዳቤውን ተወው፤ ወጥተህ ለሰዎቹ ንገርልኝ።»

«ያለ ማኅተም የተነገረ ነገር ወሬ ነው ሙክታር። ታግሠኝ።»

አቶ ሙክታር ታገሡ። አቶ ኢተፋም በዚያው ሳምንት መጻፍ ጀመሩ፤ አሥራ ሁለት ዓመትም ጻፉ። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያስገቡት ማመልከቻ በሁለተኛው ዓመት ሲመለስ፣ የቦርድን ቃለ ጉባኤ ማረም የሚችለው ራሱ ቦርዱ ብቻ ነው ይላል። ቦርዱ ድርጅቱ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ድርጅቱን ያፈረሰው ያው ቃለ ጉባኤ ነው። ይህን ዙር ለሚመለከታቸው ሁሉ በወረቀት ላይ በክብ ሥዕል ጭምር አስረድተዋል፤ የሥዕሉን ጥራት ያደነቁላቸው አሉ። አንድ የሕግ ክፍል ኃላፊ በዓል መሆኑ ብቻውን ስብሰባ አለመደረጉን አያረጋግጥም ቢሏቸው «በሥራ ቀን ተሰብስቦ የማያውቅ ቦርድ በኢድ ቀን ተሰበሰበ ነው የሚሉኝ?» ብለው ጠየቁ፤ ኃላፊው ስብሰባ አለብኝ ብለው ወጡ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የባለቤትነቱ ሥልጣን ከመሥሪያ ቤት ወደ ኤጀንሲ፣ ከኤጀንሲ ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ ሌላ ኤጀንሲ እየተላለፈ፣ ደብዳቤ ላይ ያለው ዓርማ በተለወጠ ቁጥር አቶ ኢተፋ ማንነታቸውን ከመጀመሪያ ማስረዳት ነበረባቸው። የቀድሞው ፋይሉን ልኬአለሁ ይላል፤ የአሁኑ አልደረሰኝም ይላል። በካዛንቺስ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠች ወጣት ባለሙያ በትሕትና «አባባ፣ ማለቴ፣ ሲስተም ላይ እንዲህ የሚባል ድርጅት የለም፤ የሌለ ድርጅት ደግሞ ምን ስሕተት ይኖረዋል? በቃ» ስትላቸው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው አመስግነዋት ደረጃውን እንደ ወረዱ ለወይዘሮ ጀማነሽ ነግረዋቸዋል። ካዛንቺስ በልማት ምክንያት በፈረሰ ጊዜም ደብዳቤ ሊያስገቡ ሄደው ሕንፃው በነበረበት ቦታ የቆርቆሮ አጥር ስላገኙ፣ የአጥሩን ዘበኛ መዝገብ ቤቱ ወዴት እንደ ዞረ ጠይቀው፣ ዘበኛውም «እኔም ትናንት ነው የመጣሁት» ብሏቸው ተመልሰዋል።

ወይዘሮ ጀማነሽ የታከታቸው ገና ቀደም ብሎ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ከማኅተሙ ጋር ካዝና ውስጥ ቆለፍክበት እንዴ? እድሩ በየወሩ ይሰበሰባል፤ ተነሥተህ ‹እኔ ነኝ› በላቸውና ተቀመጥ!» ይሏቸው ነበር። የእድሩ ሽማግሌዎችም ይህንኑ መክረዋቸዋል። እሳቸው ግን በየጊዜው «የሚቀጥለው ደብዳቤ መልስ ይምጣና» ይሉ ነበር። ስለ ሟች ደግ ደጉን ብቻ መናገር ልማድ ቢሆንም፣ አቶ ኢተፋ ራሳቸው እውነት እንዲነበብ ስላዘዙ እውነቱ ይነገራል፤ ነገሩ ማኅተም ብቻ አልነበረም፣ ኩራት ነበር። በአርባ ዓመት ሥራ አንድ ፊደል እንዳይስቱ ሲጠነቀቁ የኖሩ ሰው በሰው ፊት ቆሞ ተሳሳትኩ ማለት ከበዳቸው። መንግሥት ባለቤት ነኝ ብሎ እንደማይጠየቅ ሁሉ፣ እሳቸውም ጸሐፊ እንጂ ወሳኝ አይደለሁም በሚል ከለላ ተቀመጡ። በመካከል የሚሰደበው የቅርብ ወዳጃቸው ነበር።

ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አቶ ኢተፋን ደም ግፊት በድንገት ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ተያዘ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከቤት ሲውሉ፣ አቶ ሙክታር በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ እየመጡ ትራሳቸውን ያስተካክላሉ፣ ሬዲዮ ከፍተው አብረው ያዳምጣሉ፤ ስለዚያ ጉዳይ አንዳቸውም ቃል አያነሡም። አንድ ዓርብ አቶ ሙክታር ከሄዱ በኋላ አቶ ኢተፋ አያንቱን ጠርተው ወረቀት እንድትይዝ አደረጉ። በሚጎተት አንደበት «በአሠራር ላይ በተፈጠረ ክፍተት ምክንያት» ብለው ጀመሩ፤ በአሥራ ሁለቱ ዓመት ደብዳቤ ሁሉ የነበረችው ዓረፍተ ነገር ነበረች።

አያንቱ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባዬ፣ ክፍተቱ ማነው?»

«እኔ» አሉ። «እንደሱ ብለሽ ጻፊው።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አሳረሟት። የወጪ ቁጥር ይኑረው ብለው ሲያስቸግሯት «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ወጪ ሆኖ ነው አባዬ?» ብትላቸው በግማሽ ፊታቸው ሳቁና ቁጥሩን ተዉት። በግራ እጃቸው ፈርመው፣ ተነሥተው በእድሩ ስብሰባ ላይ ሊያነቡት አስበው ነበር፤ ካልሆነላቸው ግን በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ ለወይዘሮ ጀማነሽ አደራ ሰጡ። ለአቶ ሙክታር ከዛሬ በፊት አልተነገራቸውም። አቶ ኢተፋ ሕመማቸው ጸንቶባቸው ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፤

«ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.። ለብርቱ ክንድ ቁልፍና ማጠፊያ ፋብሪካ የቀድሞ ሠራተኞች በሙሉ። ነሐሴ 2 ቀን 2005 ዓ.ም. የቦርድ ስብሰባ አልተካሄደም። ሙክታር ሸረፋ አልተጠየቀም፤ አልተስማማም፤ ውሳኔውን ያነበበው እንደ እናንተው ከሰሌዳ ላይ ነው። ፊርማው የእሱ ነው፤ የፈረመው ግን በባዶ ወረቀት ላይ፣ እኔን አምኖ ነው። ውሳኔውን ከፊርማው ጋር ያያያዝኩት እኔ ነኝ። የያዘኝ፣ ያስገደደኝ አልነበረም፤ በስልክ ታዘዝኩ፣ ፈጸምኩ። በማግስቱ ልነግራችሁ ስችል አሥራ ሁለት ዓመት ማኅተም ፈለግኩ። ሙክታር፣ ይቅርታ አድርግልኝ። እናንተም ይቅርታ ጠይቁት። ኢተፋ ቢቂላ፣ የቦርዱ ጸሐፊ። ግልባጭ፤ ለቂርቆስ ሰፈር ሰው ሁሉ።»

አቶ ሙክታር ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ከፋብሪካው ሠራተኞችም ከአርባ የማያንሱ፣ አቶ ለታም ጭምር፣ እዚህ መኖራችሁን ቤተሰቡ ያያል። የቤተሰቡ ልመና አንድ ነው፤ ወደ እኛ መጥታችሁ ከማጽናናታችሁ በፊት መጀመሪያ ወደ እሳቸው ሂዱ። ለዚህ የማንም መሥሪያ ቤት ፈቃድ አያስፈልግም።

አቶ ኢተፋ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጀማነሽ ተሰማን፣ ሴት ልጆቻቸውን አያንቱንና ቢሊሴን፣ የልጅ ልጃቸውን ፀሎትን፣ እንዲሁም ሳይወቅሱ የጠበቋቸውን ወንድማቸውን አቶ ሙክታርን ትተው ሄደዋል። ሳይጠሩት የሚሰማ፣ ሳይጻፍለት የሚያውቅ አምላክ የአገልጋዩን የኢተፋን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ዘግይቶ የተናገረውን እውነት በሰዓቱ እንደ ተነገረ ይቁጠርለት፤ ለቀረነውም ሳይመሽብን የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን። አሜን።